በሲንካችን በኩል ለሚያልፈው የአራት ፎቅ ፍሳሽ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
አንደኛ ፎቅ፣ ልክ ከወጥ ቤታችን በላይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች ጤና፣ እንዲሁም ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ለሚያሳስብዎት ለግቢው አዲስ ንጣፍ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኛ የምድር ቤት ነዋሪዎች፣ ማለትም እኔና ባለቤቴ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ስለሆነ እንጂ ነገሩስ ሌላ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ደብዳቤ ስመታ የኖርኩ ታይፒስት በመሆኔ የደብዳቤን ወግ ማፍረስ አይሆንልኝም።

በሥራ ዘመኔ «ጉዳዩን በቅርብ እየተከታተልነው እንገኛለን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ሺህ ጊዜ እንደመታሁት ቁጥሩን አላውቀውም። ጣቶቼ ከኔ በፊት ያውቁት ስለነበር፣ እሱን እየመታሁ ስለ ምሳዬ ማሰብ እችል ነበር። ወረቀቱን ማዶ ሆኖ የሚቀበለው ሰው ምን እንደሚሰማው ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ከጽሕፈት ቤትዎ በተከታታይ በደረሱኝ አራት ደብዳቤዎች ይህን በእርጅናዬ ስላስተማሩኝ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ይህ ደብዳቤ በደረጃው ሰሌዳ ላይም ስለሚለጠፍ፣ ቆሞ የሚያነበው እንግዳ ነገሩ ግር እንዳይለው ከሥሩ ላስረዳ። ሕንፃችን ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ አለው። አንደኛው ፎቅ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው የነዋሪው ነው። እያንዳንዱ ወጥ ቤት ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ የሲንክ መውረጃ ነበረው፤ ይህ አሮጌ መውረጃ ዛሬም ድረስ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። ዐምና ግን ነዋሪው የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን መግዛት ሲያበዛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ዘመናዊ የማሽን ፍሳሽ መስመር» የተባለ አንድ ረጅም ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር አወረደልን። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን፣ እኔም ከፊት ረድፍ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ፤ አልክድም።

ቧንቧው ምድር ሲደርስ ግን መግቢያ አጣ። በወጉ ቢሆን ኖሮ ከግቢው ሥር አልፎ ማንሆሉ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ለዚህ ደግሞ ገና ወር ያልሞላውን ንጣፍ አራት እርምጃ ያህል ማንሣት ያስፈልግ ነበር። ንጣፉ እንዳይነካ ታዘዘ። ስለዚህ ነዋሪው ሁሉ «ችግር የለም» ብሎ የሚጠራው ሥራ ተቋራጭዎ (ስሙን ያገኘው ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ ነው) የወጥ ቤታችንን ግድግዳ በስቶ፣ ከሲንካችን በታች ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቶ፣ የአራት ፎቅ ማሽን የሚተፋውን ውሃ በሙሉ በእኛ ሲንክና በእኛ ሲፎን መካከል ቀጠለው። ሲፎን ማለት ለማያውቃት ሰው፣ ከሲንክ ሥር ጎበጥ ብላ፣ ጥቂት ውሃ ይዛ፣ የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ የምትከላከል ቧንቧ ናት። የእኛዋ የሁለት ሰው ሳህን ታጥቦ የሚወርደውን ውሃ ለማሳለፍ ነበር የተገዛችው።

ባለቤቴን ሕንፃው በሙሉ ያውቃቸዋል፤ እርስዎ ግን በማመልከቻ ቁጥር ብቻ ስለሚያውቋቸው ላስተዋውቅዎ። ሠላሳ አራት ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ከስምንት ዓመት በፊት ሕመም ሁለቱንም ዓይናቸውን ወሰደባቸው። «ችግር የለም» ግድግዳችንን የበሳ ቀን ባለቤቴ እየዳበሱ መጥተው፣ ተንበርክከው፣ መጋጠሚያውን በጣታቸው ዞረው ከነኩት በኋላ «ልጄ፣ ከላይ የሚመጣው ሲበዛ በሲንካችን ነው የሚወጣው፤ ለብቻው ሲፎን ስጠውና ወደ ውጭ አውጣው» ብለውት ነበር። የተሰጣቸውን መልስ መገመት አያቅትዎትም። «ችግር የለም አባባ» አላቸው፤ የቁም ሣጥኑን በር ዘግቶም ሄደ።

በቤታችን ዕቃ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ሥራቸው ሄደ፣ ጋዜጣቸው ሄደ፣ ብቻቸውን ወጥተው መግባታቸው ሄደ፤ ሲንኩ ግን ቀረ። ብርጭቆ በግራ፣ ሳህን በቀኝ፣ ቢላ ስለቱ ወደ ግድግዳ፣ ፎጣ ትከሻ ላይ። ሦስት ጊዜ በልተን ሦስት ጊዜ ያጥባሉ፤ በስምንት ዓመት ውስጥ የሰበሩት አንድ ሲኒ ብቻ ነው፣ እሱንም የሰበርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። በዚያ ቦታ ማንም «ተው፣ እኔ ልሥራልህ» ብሏቸው አያውቅም። ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት የምጨርሰው ስለዚያች አንድ ክንድ የምትሞላ ቦታ ነው፤ ስለ ቧንቧ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልደክምም ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከጎረቤቶቻችን ጋር ስላቀራረቡን እናመሰግናለን። ሪባኑ በተቆረጠ በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ በልተን ሳንጨርስ ሲንካችን ጉር ጉር ብሎ አረፋ ይተፋ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የሕንፃውን ውሎ የምንሰማው በሲንኩ ነው። ባለቤቴ በድምፅና በሽታ እየለዩ «ይሄ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ነጭ ልብስ ነው»፣ «ይሄኛው አራተኛ ፎቅ፣ ዛሬ ድስት አርሮባቸዋል» ይሉኝ ነበር፤ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። መጀመሪያ ሰሞን እንስቅ ነበር። ያጠቡት ሳህን ላይ የሰው ካልሲ የታጠበበት ውሃ እየወጣ ደግመው ደጋግመው ሲያጥቡ ግን ሳቁ አለቀብን። በቀን ሦስት ጊዜ የነበረው ሥራ ሰባትና ስምንት ጊዜ ሆነ፤ እሳቸው አላማረሩም፣ እኔ ግን ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ።

ሁለተኛ፦ አጣሪ ኮሚቴ ስለላኩልን፣ ያውም ሁለት ጊዜ ስለላኩልን፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮሚቴው ከመምጣቱ በፊት በየበሩ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ለታሪክ ብዬ አስቀምጬዋለሁ፤ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ለምርመራው ቅልጥፍናና ለኮሚቴ አባላት አልባሳት ደህንነት ሲባል ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ማንኛውም ነዋሪ ማሽን እንዳያስነሣ በጥብቅ እናሳስባለን።» በጥብቅ የተባለው በጥብቅ ተከበረ። አምስት ሰዎች መጥተው ደረቅ ሲንካችንን ከብበው ቆሙ። አንዱ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሌላው ፎቶ አነሣ፣ ሦስተኛው አንድ ብርጭቆ ውሃ ለመነኝና አፈሰሰው፤ ውሃውም በጨዋ ደንብ ወረደ። ቃለ ጉባኤው «ወደ ላይ የሚመለስ ውሃ አልታየም» ብሎ ተዘጋ። በሁለተኛው ጊዜ ባለቤቴ «እባካችሁ፣ የሁሉንም ፎቅ ማሽን ባንድ ላይ አስነሥታችሁ እዩት» ብለው ለመኑ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ረጋ ብለው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከተከፈተ ውሃ ሊመለስ ስለሚችል ምርመራውን እንደሚያውክ አስረዱን። ሃያ ስድስት ዓመት ስመታ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልገጠመኝም።

ሦስተኛ፦ የባለቤቴ የሙያ አስተያየት በጽሕፈት ቤትዎ ቅጽ ላይ ፈርመው ያቀረቡት ቢሆንም «የፈረሙትን ያላነበቡ በመሆኑ» ተመለሰ። አንብቤላቸው ነበር። ያነበብኩት እኔ በመሆኔ ደግሞ «የጉዳዩ ባለቤት ስለሆኑ አንባቢ መሆን አይችሉም» ተብዬ ሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ምስጋናው ትንሽ ይከብደኛል፤ ቢሆንም እሞክራለሁ። ሐሙስ ቀን ነበር፣ ከምሳ በኋላ። ጽሕፈት ቤትዎ እንግዶች ተቀብሎ ነበር፤ ከጣሪያችን በላይ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ ሲጨበጨብ ይሰማ ነበር። ለእንግዳ መስተንግዶ ተብሎ የተገዛው የጽሕፈት ቤትዎ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሥራውን ሲጨርስ፣ ባለቤቴ ሁለቱንም እጃቸውን ሲንኩ ውስጥ ከተው የወደቀ ማንኪያ ይፈልጉ ነበር። ጉር የሚለውን ድምፅ ሰምተዋል፤ ከላይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ለብ ያለ ስለሆነ እጃቸውን ቶሎ አላወጡም። ያን ቀን የመጣው የሚፈላ ያህል ነበር። የጮኹትን ጩኸት በአርባ ዓመት ትዳራችን ውስጥ ሰምቼው አላውቅም። ሮጬ ስገባ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ይዘው፣ ያንኑ የለመዱትን ድምፃቸውን ለመመለስ እየታገሉ «ከላያችን ነው፤ ቅርብ ነው፣ መንገድ ላይ አልቀዘቀዘም» አሉኝ። ሲንኩ ውስጥ የሻይ ቅጠል ተንሳፍፎ ነበር። እኛ ያን ቀን ሻይ አላፈላንም።

ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነርሷ ወርዳ ሁለቱንም እጃቸውን ጠቀለለችላቸው። ዓይን ላለው ሰው የተጠቀለለ እጅ ሕመም ብቻ ነው። ለባለቤቴ ግን ሁለተኛ መታወር ነበር፤ ግድግዳው የት እንዳለ፣ ጽዋው ሙሉ ይሁን ባዶ፣ ፊቴ ወዴት እንደዞረ ማወቅ አቃታቸው። ለሦስት ሳምንት በማንኪያ አበላኋቸው። እሳቸውም እንዳልከፋቸው ለማስመሰል በየጉርሻው ይቀልዱ ነበር፤ ቀልዳቸው ግን ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄደ።

አምስተኛ፦ ለዚህም የጻፉልንን መልስ በክብር ተቀብለናል። ደብዳቤው ከልብ ማዘንዎን ከገለጸ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ሆኖም በቤቱ የሚኖሩት ግለሰብ የማየት ችግር ያለባቸው መሆኑ ከግምት ሲገባ፣ ለራሳቸው ደህንነት ሲባል ከሲንክም ሆነ ከውሃ ጋር ንክኪ ካላቸው ሥራዎች እንዲቆጠቡ እንመክራለን።» ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ያን መስመር ዘልዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ከሰው ጽሑፍ ላይ ቃል አጉድዬ ስለማላውቅ ጣቶቼ የለመዱትን አፌ አደረገው፤ እስከ ፊርማዎ ድረስ አነበብኩት። ባለቤቴ «እውነታቸውን ነው» አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ትከሻቸው ላይ የነበረውን ፎጣ በተጠቀለለ እጃቸው አንሥተው እየዳበሱ ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት።

አርባ አንድ ቀን ወጥ ቤት አልገቡም። እጃቸው ዳነ፣ ጨርቁ ወለቀ፣ አዲሱ ቆዳ ቀላ ብሎ ተተካ፤ እሳቸው ግን ወንበራቸውን የወጥ ቤቱ በር ላይ አድርገው እንደ እንግዳ ይቀመጡ ጀመር። «የማቀብልሽ ነገር አለ?» ይሉኛል። የለም እላለሁ። ጥቂት ቆይተው እንደገና ይጠይቁኛል። ጽሕፈት ቤትዎ ቅስማቸውን ለመስበር አስቦ እንዳልጻፈው አውቃለሁ። የመታው ታይፒስት ስለ ምሳው እያሰበ ነበር፤ እርስዎም ሳያነቡ ፈርመውታል። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ተጠልተን ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው አስቦን ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለጽሕፈት ቤትዎ መረጃ ይሆን ዘንድ አሳውቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የባለቤቴን የመሣሪያ ሳጥን ከአልጋው ሥር ጎተትኩ። ቀሚሴን ሰብስቤ ሲንኩ ሥር ገባሁና ትልቁን መፍቻ መጋጠሚያው ላይ አድርጌ ማዞር ጀመርኩ። ቧንቧው ጮኸ። ከበሩ ላይ «ኧረ ወዴት ነው የምታዞሪው? ልትሰብሪው ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። አውቄ ይሁን ሳላውቅ በተቃራኒው ማዞሬን ለጽሕፈት ቤትዎ የማሳውቅበት ግዴታ ያለብኝ አይመስለኝም። ወንበሩ ሲገፋ ሰማሁ፤ ባለቤቴም ከአርባ አንድ ቀን በኋላ ወጥ ቤት ገቡ።

ወዲያው ግን መፍቻውን ነጥቀው አልፈቱትም። የሠላሳ አራት ዓመት ሠራተኛ ናቸውና «መጀመሪያ ከላያችን ያሉትን ሰዎች እንይ፣ የሰው ቤት አናጥለቅልቅም» አሉ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ደረጃውን ወጣን። ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ እየገቡ አንድ ነገር ብቻ አሳዩ፤ የማሽኑን ጎማ ከአዲሱ መስመር መንቀል፣ ወደ ላይ እስከ ሲንኩ ከንፈር ድረስ ከፍ አድርጎ ማሰር፣ ከዚያ ወደ ራስ ሲንክ መውረጃ፣ ከሲፎኑ በላይ ማስገባት። «ዝቅ እንዳታደርጊው፣ ዝቅ ካለ የሲንኩ እድፍ ወደ ማሽኑ ይመለሳል» አሏት ነርሷን። ሦስቱም ቤት ተሠርቶ ያለቀው ረፋድ ላይ ነው፤ ሦስቱም ማሽን ባንድ ላይ ተነሥቶ ታየ፣ ሁሉም በየመውረጃው ወረደ። ኮሚቴ አልነበረም።

አንደኛ ፎቅም አንኳኩተናል። ሁለት ጊዜ። የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ መሆናቸውንና ማንኛውም ጉዳይ በጽሑፍ መቅረብ እንዳለበት ነገረችን። ትእዛዝ አክባሪ በመሆናችን ይኸው በጽሑፍ አቅርበናል።

ከዚያ ወርደን ከላይ የሚመጣውን ቧንቧ ከእኛ ሲፎን ለየነው፤ ጫፉንም በሚጠብቅ ክዳን ዘጋነው። እኔ አጠበቅሁ፣ እሳቸው በአዲሱ ቆዳቸው መጋጠሚያውን እየነኩ «ገና ነው... ግማሽ ዙር... በቃ» አሉ። ተነሥተው ውሃውን ከፈቱ፣ አዳመጡት። ፎጣውን ከሚስማሩ አነሡ። የሚታጠብ አንድ ብርጭቆ ብቻ ነበር፤ እሱን አጥበው ሲጨርሱ መደርደሪያው ላይ ያለውን ንጹሕ ዕቃ አንድ በአንድ እያወረዱ እንደገና አጠቡት። እኔም በሩ ላይ በነበረው ወንበራቸው ተቀምጬ አየኋቸው። አለቀስኩ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ይህንም በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

እስካሁን ላደረጉልን ትብብር፣ ወደፊትም ለማያደርጉልን ሁሉ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ንጣፍዎ ሳይሰነጠቅ፣ ሪባንዎ ሳይጠፋ፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ ከልብ በመመኘት፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
የምድር ቤቷ ነዋሪ፣ ጡረተኛ ታይፒስት፣ የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት

ግልባጭ፦
ለደረጃው ሰሌዳ
ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ፎቅ ነዋሪዎች
ለግቢው ንጣፍ (እንዲያውቀው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የሚገባ ደብዳቤ የሚከፈተው ከአሥራ አምስት የሥራ ቀን በኋላ መሆኑን ስለማውቅ፣ ይህ መስመር ዘግይቶ ከደረሰዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዘመናዊው የማሽን ፍሳሽ መስመር ከቅዳሜ ጀምሮ ታችኛው ጫፉ የተዘጋ ነው፤ ዛሬ ወደዚያ መስመር ውሃ የሚልክ የሕንፃው ብቸኛ ማሽን የጽሕፈት ቤትዎ ነው። ባለቤቴ እንደሚሉት ቧንቧው እስኪሞላ ጥቂት ቀን ይታገሣል፣ ከዚያ የእርስዎ ጎማ በገባበት አፍ በኩል ይወጣል። ጎማውን ሊያስተካክሉልዎ ፈቃደኛ ናቸው፤ ቤታችን ድረስ መጥተው ቢያንኳኩ በቂ ነው፣ በጽሑፍ ማመልከት አያስፈልግዎትም። እስከዚያው ግን ከባልደረቦችዎ አንዱ እጁን ወደዚያ ከመስደዱ በፊት ውሃው እንደሚያቃጥል ይንገሩት። ለባለቤቴ የነገራቸው ሰው አልነበረም።